አንኪ በስድስቱ የአስተሳሰብ ደረጃዎች ሲመዘን

አንኪ የተባለው የፍላሽ ካርድ (በፊቱ ጥያቄ፣ በጀርባው መልስ የተጻፈበት የጥናት ካርድ) መተግበሪያ በተማሪዎች ዘንድ፣ በተለይም ሕክምናና የውጭ ቋንቋ በሚያጠኑት መካከል፣ ስሙ ከገነነ ቆይቷል። ስለ እሱ የሚሰጡት አስተያየቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ጽንፍ የቆሙ ናቸው፤ አንደኛው ወገን ጥናት ማለት አንኪ ነው እስኪያሰኝ ድረስ ያሞግሰዋል፣ ሌላው ደግሞ የሽምደዳ ማሽን ነው ብሎ ያጣጥለዋል። ሁለቱም ወገኖች መተግበሪያው የትኛውን የአስተሳሰብ ዓይነት እንደሚያሠራና የትኛውን እንደሚተው ለይተው አይጠይቁም። በዚህ ግምገማ የምሞክረው ይህንኑ መለየት ነው፤ መለኪያዬም መምህራን የትምህርት ዓላማ ሲቀርጹና ፈተና ሲያወጡ የሚገለገሉበት የብሉም የአስተሳሰብ ደረጃዎች ምደባ ነው።

መለኪያው ራሱ አጭር ማብራሪያ ይፈልጋል። የትምህርት ሥነ ልቦና ምሁሩ ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ በ1956 ባሳተሙት ሥራ የአእምሮን ተግባራት ከቀላል ወደ ውስብስብ በሚሄድ ቅደም ተከተል በስድስት ከፈሏቸው፦ እውቀት፣ መረዳት፣ መተግበር፣ መተንተን፣ ማቀናጀት እና መገምገም። በ2001 የብሉም ተማሪ የነበረው ሎሪን አንደርሰንና ከመጀመሪያዎቹ አዘጋጆች አንዱ የነበረው ዴቪድ ክራትዎል ከሌሎች ምሁራን ጋር ሆነው ሲያሻሽሉት እውቀት የሚለው ማስታወስ ተባለ፣ መገምገም ወደ አምስተኛው ወረደ፣ ማቀናጀት የነበረውም መፍጠር ተብሎ ከሁሉም በላይ ተቀመጠ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር ሥራው የተጀመረው በዩኒቨርሲቲ ፈተና አዘጋጆች መሆኑ ነው፤ የፈለጉት የፈተና ጥያቄዎችን በአንድ ዓይነት መመዘኛ መድበው እርስ በርስ ለመለዋወጥ እንጂ ተማሪዎችን ጎበዝና ሰነፍ ብሎ ለመደርደር አልነበረም። ፍላሽ ካርድም በመሠረቱ አንድ ትንሽ የፈተና ጥያቄ ስለሆነ መለኪያው ለዚህ ግምገማ ይስማማል።

የአንኪ አሠራር ቀላል ነው። ተጠቃሚው በካርዱ ፊት ጥያቄ፣ በጀርባው መልስ ይጽፋል። መተግበሪያው ጥያቄውን ብቻ ያሳየዋል፤ ተጠቃሚው መልሱን በሐሳቡ ከያዘ በኋላ ጀርባውን ገልጦ ያመሳክርና «እንደገና»፣ «ከባድ»፣ «ጥሩ» ወይም «ቀላል» ከሚሉት አራት ቁልፎች አንዱን ይጫናል። ካርዱ ተመልሶ የሚመጣበት ቀን የሚወሰነው በዚህ ምርጫ ነው። በቀድሞው ስሌት በ4 ቀን ልዩነት የመጣ ካርድ «ጥሩ» ከተባለ ቀጣዩ ክፍተት በ2.5 ተባዝቶ ወደ 10 ቀን፣ ከዚያም ወደ 25 ቀን እያለ ይሰፋል፤ የተረሳ ካርድ ግን ወደ አጭር ክፍተት ይመለሳል። የዚህ ስሌት መነሻ ፒዮትር ቮዝኒያክ በ1987 የቀመረው ዘዴ ሲሆን፣ ዴሚየን ኤልምስ አንኪን በ2006 ሲያወጣ በእሱ ላይ ተመሥርቷል። በ2023 በወጣው 23.10 እትም ደግሞ የእያንዳንዱን ተጠቃሚ የክለሳ ታሪክ አይቶ የመርሳት ዕድሉን የሚገምት ሌላ ስሌት ተጨምሮለታል፤ በዚህኛው ተጠቃሚው ምን ያህሉን ማስታወስ እንደሚፈልግ በመቶኛ ይመርጣል፤ ምንም ካልነካ 90 በመቶ ተብሎ የተቀመጠ ነው።

በመጀመሪያው ደረጃ፣ ማለትም በማስታወስ፣ አንኪ ከማውቃቸው የጥናት መሣሪያዎች ሁሉ የተሻለ ነው ብል አላጋነንኩም። ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ባሳተመው ጥናት ትርጉም የሌላቸውን ቃል መሰል ድምፆች ራሱ አጥንቶ ራሱን በመፈተን የመርሳትን ፍጥነት ለክቷል፤ ከአንድ ቀን በኋላ እንደገና ሲያጠናቸው ከመጀመሪያው ድካም የቀነሰለት አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ሲሆን ከ31 ቀን በኋላ ደግሞ አንድ አምስተኛ ገደማ ነበር። አንኪ ተማሪው መርሳት ሊጀምር ሲል ካርዱን ለክለሳ እያቀረበ ይህን ቁልቁለት ይቋቋማል። ሁለተኛው ጥንካሬው ተማሪውን እንዲያነብ ሳይሆን እንዲያስታውስ ማስገደዱ ነው። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ በ2006 ባወጡት ጥናት አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ በተሰጠ ፈተና የተሻሉ ሲሆኑ፣ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ጽሑፉን ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት በልጠዋቸዋል። ደብተር እያገላበጠ «ይህን አውቀዋለሁ» የሚል ተማሪ የሚታለለው በዚያ የ5 ደቂቃ ስሜት ነው፤ አንኪ ደግሞ ስሜቱን አይቀበልም፣ መልሱን ይጠይቃል።

ማስታወስ ከስድስቱ በታች ስለተቀመጠ ብቻ ዝቅ አድርገው የሚያዩት አሉ። አልስማማም። የመድኃኒት ስምና ተግባሩን በቃሉ ያልያዘ የሕክምና ተማሪ የበሽተኛን ሁኔታ ሊተነትን አይችልም፤ የሚተነትነው ነገር በእጁ የለምና። ጥያቄው በቃል መያዝ ይጠቅማል ወይ ሳይሆን በቃል የተያዘው ነገር ወደ ላይኛው ደረጃ ይወጣል ወይ የሚለው ነው።

መተግበሪያው ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው ደረጃ መውጣትን አይከለክልም፤ አያግዝምም። ሁሉም ነገር በካርዱ ፊት ላይ በሚጻፈው ጥያቄ ይወሰናል። ስለ መፍላት የሚያጠና ተማሪ እንውሰድ። የመጀመሪያው ካርዱ «ውሃ በባሕር ጠለል ከፍታ በስንት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል?» ቢል መልሱ 100 ነው፤ ይህን ለመመለስ መፍላት ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ እንኳ አያስፈልግም። ጥያቄው «በከፍተኛ ተራራ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች የሚፈላው ለምንድን ነው?» ሲሆን ግን ተማሪው የአየር ግፊት በከፍታ እንደሚቀንስ፣ ፈሳሽም የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከአካባቢው ግፊት ጋር ሲተካከል መሆኑን አያይዞ ማስረዳት አለበት፤ ይህ መረዳት ነው። «ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ በሚፈላበት በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የሚቀቀል ነገር የሚፈጀው ጊዜ ምን ይሆናል? እሳቱን መጨመርስ ያፋጥነዋል?» የሚለው ደግሞ የተረዳውን ወደ አዲስ ሁኔታ እንዲያሻግር ያስገድደዋል። ሁለተኛው ክፍል ብዙዎች የሚስቱት ስለሆነ በተለይ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እንፋሎቱ በማይታፈንበት ድስት ውስጥ እሳት ሲጨመር ውሃው ቶሎ ተንኖ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ ከመፍያ ነጥቡ አያልፍም።

የአንኪ ትልቁ ወሰን የሚታየው እዚሁ ላይ ነው። ያ ሦስተኛ ካርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ ተማሪው ቆም ብሎ ያስባል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሲመለስ የመልሱ ግማሽ ቀድሞ ትዝ ይለዋል፤ ከወር በኋላ ደግሞ «3,000 ሜትር» የሚለውን ገና እንዳየ፣ ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ፣ «ጊዜው ይረዝማል፣ እሳት አይረዳም» ብሎ «ቀላል» የሚለውን ይጫናል። ከጥያቄው አንድ ቃል አልተለወጠም፤ የሚጠይቀው አስተሳሰብ ግን ከመተግበር ወደ ማስታወስ ወርዷል። የጥያቄ ደረጃ በቃላቱ ውስጥ የታተመ ነገር አይደለም፤ በጥያቄውና በመላሹ የቀድሞ ልምድ መካከል ባለው ርቀት የሚወሰን ነው። የ1956ቱ አዘጋጆችም አንድን የፈተና ጥያቄ ለመመደብ ተፈታኙ ከዚያ በፊት ምን እንደተማረ ማወቅ ወይም መገመት እንደሚያስፈልግ አስገንዝበው ነበር፤ ዛሬ ደረጃዎቹ በባለ ቀለም ፒራሚድ ተሥለው በየግድግዳው ሲለጠፉ ግን ይህ ማሳሰቢያ አብሮ አይለጠፍም።

አንኪ የሚሠራው በመደጋገም ስለሆነ ካርድን ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ መጀመሪያው ደረጃ ይጎትታል ማለት ነው። ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፣ የተሠራበት ዓላማ ነውና። የሚያሳስበው ተጠቃሚው ይህን ሳያውቅ ሲቀር ነው። የስታቲስቲክስ ገጹ በትክክል የተመለሱትን ካርዶች በመቶኛ ያሳያል፤ 90 በመቶ የሚለውን ያየ ተማሪ የመተግበር ጥያቄዎቹንም በዚያው መጠን መሥራት እንደሚችል ቢገምት አይፈረድበትም። ቁጥሩ የሚናገረው ግን እነዚያን ካርዶች፣ በዚያው አጻጻፋቸው፣ እንደሚያስታውስ ብቻ ነው። በእኔ አስተያየት የመተግበሪያው መመሪያ ይህን ልዩነት ጎላ አድርጎ ሊናገር በተገባው ነበር።

ካርዱን ከመውደቅ የሚያዘገዩ ዘዴዎች አሉ። የካርዱ ቅርጽ ጃቫስክሪፕት የተባለውን የኮድ ቋንቋ ስለሚቀበል ኮድ መጻፍ የሚችል ሰው በእያንዳንዱ ክለሳ ቁጥሮቹ የሚቀያየሩ የሒሳብ ወይም የፊዚክስ ጥያቄ ሊያዘጋጅ ይችላል፤ ያኔ መልሱን መሸምደድ አይቻልም፣ የሚታወሰው የአሠራሩ መንገድ ይሆናል። ኮድ ለማያውቅ ደግሞ ቀላሉ መላ ካርዱ አዲስ ነገር እንዲያመነጭ ማዘዝ ነው፦ «ግፊት የመፍያ ነጥብን የሚለውጥበት፣ እስካሁን ያልጠቀስከው አንድ ምሳሌ ስጥ»። እንዲህ ያለው ካርድ በጀርባው የተዘጋጀ መልስ የለውም፤ ትክክል መሆኑን የሚፈርደው ራሱ ተማሪው ነው፤ ፍርዱ ደግሞ ገና የሚማረውን ጉዳይ ማወቁን ይጠይቃል። ስለዚህ ዘዴው ከመምህር ወይም ከጥናት ጓደኛ ጋር የሚሠራ ሲሆን ብቻ በሙሉ ልብ የምመክረው ነው።

በአንጻሩ ባዶ ቦታ የማሟላት ካርዶችን በጥርጣሬ ማየት ይገባል። ከመጽሐፍ ረጅም ዓረፍተ ነገር ገልብጦ አንድ ቃል መደበቅ እጅግ ቀላል ስለሆነ ብዙ ተጠቃሚዎች ወደዚህ ያዘነብላሉ። ውጤቱም ተማሪው የዓረፍተ ነገሩን መልክ ለይቶ የጎደለውን ቃል መጥራት መቻሉ ነው፤ ያንኑ ሐሳብ በሌላ አነጋገር ቢጠየቅ ዝም ይላል። ይህ ከማስታወስም ዝቅ ያለ ነው ለማለት ይቃጣኛል። አጭር ዓረፍተ ነገር ራሱ ጽፎ የሚደብቅ ግን የተሻለ ያገኛል፤ በሥዕል ላይ የክፍሎችን ስም የሚሸፍነው ካርድም ለአካል ጥናትና ለካርታ በጣም ጠቃሚ ነው።

አሁን ወደ መተንተን ልለፍ። በአንኪ ውስጥ የላይኛው አስተሳሰብ የሚሠራው በክለሳ ጊዜ ሳይሆን በካርድ ዝግጅት ጊዜ ነው፤ ይህን ያልተረዳ ሰው ከመተግበሪያው የሚገባውን ግማሽ እንኳ አያገኝም። አንድን የመጽሐፍ ምዕራፍ ወደ ካርዶች ለመለወጥ የተነሳ ተማሪ ዋናውን ከዝርዝሩ መለየት፣ የተጣበቁ ሐሳቦችን መፍታት፣ የትኛው የትኛውን እንደሚያስከትል መወሰን፣ ሁለት ተመሳሳይ ነገሮች በምን እንደሚለያዩ ማጥራት ይኖርበታል። «መፍላትና መትነን በምን ይለያያሉ?» የሚለውን ካርድ የሚጽፍ ሰው መፍላት በመፍያ ነጥብ ላይ በመላው ፈሳሽ ውስጥ አረፋ እየፈጠረ የሚካሄድ ሲሆን ከገጽ ላይ መትነን ግን ከዚያ በታች ባለ ሙቀትም እንደሚካሄድ አነጻጽሮ ማግኘት አለበት። ካርዱ ከተጻፈ በኋላ ክለሳው ማስታወስ ይሆናል፤ ጽሕፈቱ ግን ትንተና ነበር። ምን መካተት እንዳለበትና ምን መጣል እንዳለበት መምረጥም ከመገምገም የሚቆጠር ነው።

እንግዲህ ሌሎች ያዘጋጇቸውን የካርድ ጥቅሎች ማውረድ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ ይታያል። በሺዎች የሚቆጠሩ ካርዶች የያዙ ጥቅሎች በነጻ ይገኛሉ፤ ጊዜም ይቆጥባሉ። የሚቆጥቡት ጊዜ ግን ያ የትንተና ጊዜ ነው። ለቃላት፣ ለአገሮችና ለዋና ከተሞች፣ ለኬሚካል ንጥረ ነገሮች ምልክቶች የተዘጋጀ ጥቅል ማውረድ ጉዳት የለውም፤ እነዚህ ከመጀመሪያውም የማስታወስ ጉዳዮች ናቸው። ለፊዚዮሎጂ፣ ለታሪክ ወይም ለምጣኔ ሀብት ግን የሌላ ሰው ካርድ የሌላ ሰው ማስታወሻ ነው፤ ተማሪው ያልተከተለውን የሐሳብ መንገድ መድረሻ ብቻ ይሰጠዋል። መሠረቱን በእውነታ ካርዶች ልጣል፣ ከፍ ያለው አስተሳሰብ ከዚያ በኋላ በራሱ ይመጣል ለሚል ሰውም የፑጃ አጋርዋል ጥናት መልስ አለው። በ2019 በታተመው በዚህ ጥናት በእውነታ ጥያቄዎች ብቻ የተለማመዱ ተማሪዎች በእውነታ ፈተና ሲሻሻሉ ከፍ ያለ አስተሳሰብ በሚጠይቀው ፈተና ግን አልተሻሻሉም፤ በዚህኛው የተሻሻሉት በልምምዳቸው ውስጥ ከፍ ያለ አስተሳሰብ የሚጠይቁ ጥያቄዎች የቀረቡላቸው ናቸው። ደረጃዎቹን እንደ መሰላል ቆጥሮ ታችኛውን ሳይጨርሱ ወደ ላይኛው አለመርገጥ አለብን የሚለው ልማድ በዚህ ይፈተናል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይሻላል።

ስለ መፍጠር የምለው ጥቂት ነው፦ አንኪ ውስጥ የለም። ድርሰት፣ የምርምር ንድፍ፣ አዲስ መፍትሔ በካርድ ጀርባ ላይ አይቀመጡም። የሚጽፍ ሰው ካርዶቹን ዘግቶ ባዶ ወረቀት መውሰድ አለበት።

ከስድስቱ ደረጃዎች ጎን ለጎን የ2001ዱ ማሻሻያ የእውቀት ዓይነቶችንም ይዘረዝራል፤ ከእነዚህ አንዱ ሰው ስለ ራሱ አስተሳሰብ ያለው እውቀት ነው። አራቱ ቁልፎች በዚህ ረገድ ያልታሰበ ጥቅም አላቸው፤ ተማሪው በእያንዳንዱ ካርድ ላይ የማወቁን ልክ ራሱ እንዲፈርድ ያስገድዱታልና። ፍርዱ ሐቀኛ ካልሆነ ግን ስሌቱ ሁሉ ይበላሻል። በብዛት የሚታየው ስሕተት መልሱን ያላስታወሰ ሰው «እንደገና» ማለት ከብዶት «ከባድ» የሚለውን መጫኑ ነው። «ከባድ» ማለት በችግርም ቢሆን ታውሷል ማለት ስለሆነ መተግበሪያው ካርዱን እንደሚታወቅ ቆጥሮ ያርቀዋል፤ አዲሱ ስሌት ደግሞ ከታሪክ ስለሚማር በዚህ ስሕተት ይበልጥ ይሳሳታል። መልሱን ከመግለጥ በፊት ጮክ ብሎ መናገር ወይም መጻፍ ይህን ራስን ማታለል በእጅጉ ይቀንሳል፤ መልስ በቁልፍ ሰሌዳ የሚተየብበት የካርድ ዓይነትም ለዚሁ ያገለግላል።

ስለ ውጫዊ መልኩ ብዙ የሚባል የለም። ለዊንዶውስ፣ ለማክና ለሊኑክስ በነጻ ይገኛል፤ በአንድሮይድ ስልክ በሌሎች በጎ ፈቃደኞች የተሠራው አንኪድሮይድም ነጻ ነው፤ በአይፎን የሚሠራው ግን የሚከፈልበት ነው። ካርዶቹን በመሣሪያዎች መካከል ማመሳሰል ክፍያ የለውም። ገጽታው ደረቅ ነው፤ የማስተካከያ ገጹ ለጀማሪ ጫካ ነው። ለጀማሪ የምመክረው ከማስተካከያዎቹ አንዱን ብቻ እንዲነካ ነው፤ በቀን 20 ተብሎ የተቀመጠውን የአዲስ ካርዶች ቁጥር ወደ 5 ወይም ወደ 10 ማውረድ ይበቃዋል። አዲስ ካርድ ሁሉ ለሚመጡት ሳምንታት የክለሳ ዕዳ ነው፤ ዕዳው ሲከማች ደግሞ ተማሪው መጀመሪያ የሚተወው ካርድ የመጻፉን ሥራ፣ ማለትም የሚያስብበትን ክፍል ነው።

አንድ ትንሽ ባሕርይው ግን ከሚሰጠው ትኩረት በላይ ይገባዋል። በክለሳ 8 ጊዜ የተረሳ ካርድን አንኪ ምልክት ያደርግበታል፤ እንደ ማስተካከያው ከክለሳ ሊያግደውም ይችላል። ብዙዎች ይህን እንደ እንቅፋት ቆጥረው እገዳውን ወዲያው ያነሱታል፤ ካርዱም ተመልሶ ይረሳል። ስምንት ጊዜ የማይያዝ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ የማስታወስ ችግር የለበትም፤ ወይ ሁለት ሦስት ሐሳብ ባንድ ላይ ታጭቆበታል፣ ወይ ከሌላ ካርድ ጋር ይምታታል፣ ወይም ተማሪው ነገሩን ከመጀመሪያው አልተረዳውም። የታገዱትን ካርዶች በሳምንት አንድ ጊዜ ዘርዝሮ ማየት፣ ወደ መጽሐፉ ተመልሶ ማንበብ፣ ከዚያም ካርዱን ሰርዞ በአዲስ ጥያቄ መጻፍ እገዳውን ከማንሳት ይሻላል።